የሚበላው ብረት፦ ሰበቃ፣ መበላትና ያልተመዘገበው ወጪ
(ለፋኩልቲው ወርኃዊ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)



የዛሬውን ርእስ ለፋኩልቲው ሳስታውቅ አንድ የረጅም ዘመን ባልደረባዬ «ስለ ሰበቃ ለመስማት ሰው ከቤቱ ይወጣል ብለህ ነው?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው አግባብ ነው። ሰበቃን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሳለን ጨርሰነዋል። በተዳፋት ላይ የተቀመጠ ሣጥን ሥለናል፤ ቀስቶቹን አስምረናል፤ ቁጥሮቹን ተክተን፣ ከመልሱ ሥር ሁለት ጊዜ አስምረን ገጹን ገልጠናል። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቻችን ወደ ሣጥኑ አልተመለስንም። እኔ ግን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት እዚያው፣ ሣጥኑና ተዳፋቱ በሚገናኙባት ቀጭን መሥመር ላይ ነው። ዛሬ የምናገረውም በዚያች መሥመር ላይ ስለሚጠፋው ሀብትና፣ ሀብቱ ሲጠፋ ስለማይታይበት ምክንያት ነው።

ከቋንቋ ልጀምር። ሁለት አካላት ተነካክተው ሲንቀሳቀሱ የሚፈጠረውን ተቃውሞ ሰበቃ እንለዋለን። ሰበቃው ከአካሉ ላይ ቆርሶ የሚወስደውን ግን በመጽሐፍ ቃል አንጠራውም፤ «ተበላ» እንላለን። ኩሽኔታው ተበላ፣ ፍሬኑ ተበላ፣ የማረሻው ጫፍ ተበላ፣ የጫማዬ ሶል ተበላ። ግሩም አነጋገር ነው፤ ነገር ግን በላተኛው የማይጠቀስበት ግሥ ነው። ማን በላው ተብሎ አይጠየቅም፤ ዕድሜው ደርሶ እንዳረፈ አዛውንት በዝምታ ይሸኛል። መካኒኮቻችን ከጣሊያኖች የወረሱት «ፍሪሲዮን» የሚለው ቃልም ትርጉሙ ሰበቃ ነው፤ እኛ ግን የመኪናውን አንድ ክፍል ብቻ እንጠራበታለን። እንግዲህ ሰበቃ ስሙ በየጋራዡ በቀን መቶ ጊዜ ይነሣል፤ እርሱ ራሱ ግን አይነሣም።

በልጅነቴ እናቴ ወፍጮዋን ስታስወቅር አስታውሳለሁ። መጁና ወፍጮው እርስ በርስ እየተፋተጉ ሲለሰልሱ እህሉን መያዝ ያቅታቸዋል፤ ስለዚህ ወቃሪው መጥቶ በመዶሻው ገጻቸውን ያሻክረዋል። አዲስ የተወቀረ ወፍጮ መጀመሪያ የሚያወጣው ዱቄት በጥርስ መካከል ስለሚንኮሻኮሽ ለእንግዳ አይቀርብም ነበር። እናቴ ድንጋዩ እንደሚበላ፣ የሚበላው ድንጋይ የት እንደሚገባና በስንት ጊዜ መወቀር እንዳለበት በትክክል ታውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጎበኘኋቸው አያሌ ፋብሪካዎች ስለ ማሽኖቻቸው ይህን ያህል አያውቁም።

ጉዳዩን በሂሳብ መዝገብ ላይ ለማስፈር ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የብሪታንያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የብሪታንያ መንግሥት በመሐንዲሱ በፒተር ጆስት የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1966 ባቀረበው ሪፖርት የአገሪቱ ኢንዱስትሪ ስለ ሰበቃ፣ ስለ መበላትና ስለ ማለስለሻ አስቀድሞ የሚታወቀውን ዕውቀት በሥራ ላይ ቢያውል በዓመት 515 ሚሊዮን ፓውንድ ሊያድን እንደሚችል ገመተ። ዛሬ የሙያችን መጠሪያ የሆነው ትራይቦሎጂ የሚለው ቃል የተዋወቀውም በዚሁ ሪፖርት ነው፤ «ትሪቦስ» ከሚለው፣ መፋተግን ከሚያመለክተው የግሪክ ቃል የተገኘ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጠቅላላው ድምር ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ድምሩ ሳይሆን ዝርዝሩ ነው። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ትልቁ ድርሻ፣ 230 ሚሊዮን ፓውንድ ያህሉ፣ ከጥገናና ከመለዋወጫ የሚድን ነበር። 115 ሚሊዮን የሚሆነው ማሽን ተሰብሮ ሥራ ሲቆም ከሚደርሰው ኪሳራ ነው። የማሽኖች ዕድሜ በመርዘሙ የሚገኘው ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋል። በሰበቃ የሚባክነውን ኃይል በመቀነስ የሚገኘው ቁጠባ ከ30 ሚሊዮን ያነሰ ነበር።

አሁን ከዚህ ጎን ሌላ ጥናት ላስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኬኔት ሆልምበርግና አሊ ኤርደሚር የተባሉ ተመራማሪዎች የዓለምን የኃይል ፍጆታ መርምረው ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከጠቅላላው ፍጆታ 23 በመቶ ያህሉ ከሚፋተጉ ገጾች ጋር የተያያዘ መሆኑን አስሉ። ከዚህ ውስጥ 20 በመቶው ሰበቃን ለማሸነፍ የሚውል ነው፤ የተበሉ ዕቃዎችን መልሶ ለመሥራትና ለመተካት የሚውለው 3 በመቶ ብቻ ነው። በቤት መኪና ላይ ባደረጉት ቀደም ያለ ጥናትም ከነዳጁ ኃይል አንድ ሦስተኛው በሞተሩ፣ በካምቢዮው፣ በጎማውና በፍሬኑ ሰበቃ እንደሚጠፋ አሳይተዋል።

ተማሪዎቼ ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ሲያነቡ ግራ ይጋባሉ። በአንደኛው መበላት ሰበቃን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በሁለተኛው ደግሞ ሰበቃ መበላትን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ የቱ ነው ትክክል? ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጆስት የቆጠረው በፓውንድ ነው፤ ሆልምበርግና ኤርደሚር የቆጠሩት በጁል ነው። አንድ ኩሽኔታ ለመሥራት የሚያስፈልገው ብረትና ኃይል ጥቂት ነው፤ ያ ኩሽኔታ ሲሰበር የሚያቆመው ፋብሪካ ግን ትልቅ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው እኛ በምን እንቁጠር የሚል ይሆናል። እኔ እንደማምነው ለአገራችን ኢንዱስትሪ የሚበጀው በመጀመሪያ መበላትን መቁጠር ነው። በባልደረቦቼ መካከል በዚህ የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ። ነዳጃችን ከውጭ ስለሚገባ በመጓጓዣው ዘርፍ የእነርሱ ክርክር ይከብዳል፤ ይህን አልክድም። በፋብሪካው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል የሚገኘው ከወንዞቻችን ነው። ኩሽኔታው፣ የማርሽ ጥርሱ፣ የፓምፑ ማኅተም የሚገዙት ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪው እስኪፈቀድ፣ ዕቃው ተጓጉዞ እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል።

በቁጥር ላሳያችሁ። 100 ኪሎዋት የሚያስተላልፍ አንድ የማርሽ ሳጥን ደኅና ሆኖ ሳለ ከኃይሉ 3 በመቶ ያባክናል እንበል። እየተበላ ሲሄድ ብክነቱ 5 በመቶ ደረሰ። ልዩነቱ 2 ኪሎዋት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ያነሰ። የትኛውም ሥራ አስኪያጅ በምጣድ ምክንያት ፋብሪካ አያቆምም፤ ባለማቆሙም ልንወቅሰው አይገባም። ነገር ግን ያ 2 ኪሎዋት የትም አልሄደም። ሙቀት ሆኖ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አለ። ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነ ዘይት ጥርሶቹን አለያይቶ መያዝ ይሳነዋል፤ ጥርሶቹ ሲነካኩ ይበላሉ፤ ሲበሉ ደግሞ ይበልጥ ይሞቃሉ። ስለዚህ በእኔ አስተያየት በሰበቃ የሚባክነውን ኃይል እንደ ኪሳራ ብቻ ሳይሆን እንደ ትኩሳት ማየት አለብን። ትኩሳቱ ራሱ አይገድልም፤ የሚለካው ከሥሩ ስላለው በሽታ ነው። የማርሽ ሳጥኑን ሙቀት በየዕለቱ የሚመዘግብ ፋብሪካ ከኤሌክትሪክ ቆጣሪው በፊት በሽታውን ያውቃል።

ዘይት ሁለት ብረቶችን አለያይቶ ይይዛል ስል በምሳሌ የምናገር የሚመስላችሁ ካላችሁ የቢቻም ታወርን ሙከራ ልንገራችሁ። ታወር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የባቡር መንኰራኵር ዘንጎችን ኩሽኔታ ይመረምር ነበር። ኩሽኔታው በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ከላይ የተጫነ ሲሆን የዘንጉ የታችኛው ክፍል በዘይት ውስጥ ይነከር ነበር። አንድ ቀን ከኩሽኔታው አናት ላይ ቀዳዳ በሳ፤ ዓላማው ከላይ ዘይት ለመጨመር ነበር። ማሽኑ ሲነሣ ግን ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ፈልቆ ወጣ። በቡሽ ደፈነው፤ ዘይቱ ገፍቶ አወጣው። በእንጨት ውታፍ ደፈነው፤ እርሱም ቀስ በቀስ ተገፍቶ ወጣ። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ቢገጥምበት ግፊቱ ጭነቱ በኩሽኔታው ላይ ከሚያሳርፈው አማካይ ግፊት የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ዘንጉ በመሽከርከሩ ብቻ ዘይቱን እየሳበ ወደ ጠባቡ ክፍተት ይከተው ነበር፤ ዘይቱም የባቡሩን ክብደት ተሸክሞ ያነሣው ነበር። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ነገሩን በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው፤ ዛሬም የምናስተምረው ያንኑ ቀመር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የንግግሬ እምብርት ነው። ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ላይ ሲንሸራተት የሰበቃው ቁጥር ወደ 0.6 ይጠጋል፤ ጥቂት ቅባት ሲያገኝ ወደ 0.1 ይወርዳል። ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። መበላቱ ግን በስድስት እጥፍ ብቻ አይወርድም፤ በመቶዎች፣ በሺዎች እጥፍ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን አርቻርድ ባሳተመው ቀመር የሚበላው መጠን ከጭነቱና ከተንሸራተተበት ርቀት ጋር ይጨምራል፤ ከብረቱ ጥንካሬ ጋር ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ ማንም ሰው ሳይማር የሚገምተው ነው። በቀመሩ ውስጥ ያለችው አንዲት የማባዣ ቁጥር ግን እንደ ገጾቹ ሁኔታ በሚሊዮን እጥፍ ልትለያይ ትችላለች። የመሐንዲስ ሥራ ያለው በዚያች ቁጥር ላይ ነው፤ እርስዋንም ከመጽሐፍ ጀርባ ሠንጠረዥ ላይ በማንበብ ብቻ አታገኙዋትም። ይህን ለመማር እኔ ብዙ ዋጋ ከፍያለሁ፤ ይልቁንም ዋጋውን የከፈለልኝ ሌላ ነው።

ወጣት መምህር ሳለሁ፣ የዶክትሬት ትምህርቴን ገና ሳልጀምር፣ አንድ ፋብሪካ ለምክር ጠራኝ። ስሙን አልጠቅስም። ድንጋይ የሚፈጭበት ክፍል ነበረው፤ የክፍሉን አቧራ የሚስበው ትልቅ ማራገቢያ ኩሽኔታዎቹን በአራትና በአምስት ወር ይጨርስ ነበር፤ ለዓመታት መቆየት የሚገባቸውን ማለት ነው። የተበላውን ኩሽኔታ በነጭ ጋዝ አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። አክብሮታቸው ነበር። ገጹ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁ፤ የማራገቢያውን ክብደትና ፍጥነት ጠየቅሁ፤ ሌሊቱን ስሌት ስሠራ አደርኩ። በማግስቱ ያቀረብኩት ሐሳብ የበለጠ ጭነት የሚችል፣ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ኩሽኔታ ይታዘዝ የሚል ነበር።

ምንዛሪው እስኪገኝና ዕቃው እስኪደርስ ወራት አለፉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማራገቢያው ቆሞ ነበር፤ ወፍጮው ግን አልቆመም። ሠራተኞቹ በዚያ አቧራ ውስጥ ነጠላና ሻሽ አፋቸው ላይ ጠምጥመው ይሠሩ ነበር። ይህን ያየሁት አዲሱ ኩሽኔታ ተገጥሞ፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ተሰብሮ፣ እንደገና በተጠራሁ ጊዜ ነው።

ለማሽኖቹ ግራሶ የሚያጠጡት አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ጉብኝቴ አላነጋገርኳቸውም፤ ማነጋገር እንደሚገባኝም አልታየኝም። በሁለተኛው ጊዜ እርሳቸው ራሳቸው ወደ እኔ ቀርበው ከባልዲያቸው በጣታቸው ጥቂት ግራሶ አወጡና «መምህር፣ እስቲ ይህን በጣቶችዎ መኻል አድርገው ይዳስሱት» አሉኝ። ዳሰስኩት። እንደ እናቴ የመጀመሪያ ዱቄት ይንኮሻኮሽ ነበር። ባልዲው ክዳን የለውም፤ የሚቀመጠውም ከድንጋይ መፍጫው አሥር እርምጃ ርቆ ነው። «ክዳን ይሰጠኝ ብዬ ከጠየቅሁ ቆይቷል፤ ዕቃ ግዢ ክዳን ለብቻው አይሸጥም አለኝ» ሲሉ ጨመሩልኝ።

በሚንከባለል ኩሽኔታ ውስጥ ኳሱንና ወለሉን የሚለየው የዘይት ንጣፍ ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። የሰው ጠጉር 70 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ዓይናችን ለይቶ ሊያየው የማይችለው የድንጋይ ብናኝ እንኳ ለዚያ ንጣፍ ቋጥኝ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው አቧራን በገንዘብ ገዝቶ፣ ከግራሶ ጋር ለውሶ፣ በመሣሪያ ወደ ኩሽኔታው ይከት ነበር። የእኔ መፍትሔ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ከሚሸከመው ጭነት በላይ ግዙፍ የሆነ ኩሽኔታ ጥቅልሎቹ በሚገባ ተጭነው ስለማይንከባለሉ ይንሸራተታሉ፤ መንሸራተት ደግሞ ያንን ንጣፍ ይቀደዋል። ስሌቴ ስሕተት አልነበረበትም። የተሳሳተው፣ ታጥቦ የቀረበልኝን ብረት አይቼ የታጠበው ምን እንደነበረ አለመጠየቄ ነው።

መፍትሔው ክዳን ያለው ባልዲ፣ ግራሶ ከመጠጣቱ በፊት አፉን የሚጠርግ ጨርቅና የቀድሞው ዓይነት ኩሽኔታ ሆነ። ፋብሪካው ለእኔ የከፈለኝ የምክር አበል ከባልዲዎቹ ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ይህን የመሰለ ጥፋት በትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ የሚታይ አይደለም። በየቀበሌው ያለውን የእህል ወፍጮ ተመልከቱ። ቺንጋው ሲንሸራተት ወፍጮኛው ያጠብቀዋል፤ ሲጮህ ደግሞ ይበልጥ ያጠብቀዋል። የሚንከባለል ኩሽኔታ ዕድሜ ከጭነቱ ጋር የሚቀንሰው በቀላል ተመጣጣኝነት አይደለም፤ ኳስ ላለው ኩሽኔታ በጭነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው። ጭነቱ በሩብ ያህል ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው አንድ ስምንተኛ ይሆናል። ወፍጮኛው በመፍቻ ሁለት ዙር ሲያጠብቅ የስምንት ዓመትን ኩሽኔታ የአንድ ዓመት እያደረገው ሊሆን ይችላል። ቺንጋው ዝም ስላለለት ግን ማሽኑን ያዳነ ይመስለዋል። ኩሽኔታው ሲሰበርም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ገበያው ላይ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ሞልቷል፤ ይህን አላስተባብልም። ነገር ግን ይህ ምክንያት እጅግ የሚመች በመሆኑ ሁልጊዜ እጠረጥረዋለሁ።

በነገራችን ላይ ሰበቃ ጠላታችን ነው የሚል ስሜት እንዳላሳድርባችሁ እፈራለሁ። የጭነት መኪና ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሾፌሩ የሚተማመነው በሰበቃ ነው፤ በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ሲግል የሰበቃው ቁጥር እንደሚወርድ የሚያውቅ ሾፌርም በከባድ ማርሽ ይወርዳል። የእኛ ሥራ ሰበቃን ማጥፋት ሳይሆን በሚፈለግበት ቦታ ማቆየት ነው።

መበላት የማይቀር ዕጣ ነው የሚሉኝ መሐንዲሶች አጋጥመውኛል። ለእነርሱ የምነግራቸው ስለ አንድ ኩሽኔታ ነው። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ፣ በሰስኩዌሃና ወንዝ ላይ ባለው የሆልትዉድ ማመንጫ ተርባይኖቹ የተሰቀሉባቸው የጥቅልል ኩሽኔታዎች ቶሎ ቶሎ እየተበላሹ ያስቸግሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 አልበርት ኪንግስበሪ የተባለ መሐንዲስ በአንደኛው ተርባይን ላይ በራሱ ንድፍ የተሠራ ኩሽኔታ ገጠመ። እያንዳንዳቸው በጥቂቱ መዘንበል የሚችሉ ገበታዎች ናቸው፤ ሲዘነብሉ ዘይቱ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይገባና ወደ 200 ቶን የሚጠጋውን ክብደት ያነሣል። ያ ኩሽኔታ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተፈትቶ ሲለካ የታየው መበላት እጅግ አነስተኛ ከመሆኑ የተነሣ ዕድሜው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሊሆን እንደሚችል ተሰላ። ዛሬ በዓለም ላይ በቋሚ ዘንግ የሚሽከረከሩ ትላልቅ የውኃ ተርባይኖች በአብዛኛው የተንጠለጠሉት በዚሁ መርሕ ነው። ይህን አዳራሽ የሚያበራው ኃይል ከምንጩ የሚነሣው በዘይት ላይ ከሚንሳፈፍ ብረት ነው ማለት ነው።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን ቤት ጥቂት ልበል። የጆስት ኮሚቴ የተቋቋመው የማለስለሻን ትምህርትና ምርምር ሁኔታ እንዲመረምር ነበር፤ በሚሊዮን የተቆጠረው ፓውንድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ ክፍል አንድ ተማሪ የሬይኖልድስን ቀመር በቃሉ እየወጣ፣ የማርሽ ሳጥን ሳይከፍት፣ ግራሶ በጣቱ ሳይዳስስ ሊመረቅ ይችላል። ይህ የተማሪው ጥፋት አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱን ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ በቤተ ሙከራው ኮሪደር ላይ አንድ መደርደሪያ አቁሜያለሁ። ከጋራዥ፣ ከወፍጮ ቤትና ከፋብሪካ የተሰበሰቡ የተበሉ ዕቃዎች አሉበት። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ካርድ አለው፦ ከየት መጣ፣ ምን ይሸከም ነበር፣ በምን ዘይት ሠራ፣ ስንት ሰዓት ሠራ የሚሉ ጥያቄዎች ሰፍረውበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መሥመሮች ሁልጊዜ ይሞላሉ። የመጨረሻዋ መሥመር እስካሁን በአብዛኞቹ ካርዶች ላይ ባዶ ናት፤ የሚያውቅ ሰው ስላልተገኘ። ለተግባር ልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች አንድ አንድ የተበላ ዕቃ ይዛችሁልኝ እንድትመጡ፣ ያችንም መሥመር ሞልታችሁ እንድትመጡ እለምናችኋለሁ። ሌላም አንድ ነገር አለ፤ ዕቃውን ስታመጡልኝ እባካችሁ አትጠቡት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።